ደህና ነኝ ያለው ውሻ

የውሻው የዳማ የአንገት ማሰሪያ «ጠግቤአለሁ፤ ደህና ነኝ» አለ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ደግሞ «ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ሊያስመልስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣለትም» አሉ።

ባለቤታቸው አቶ ምንዳዬ ያመኑት ማሰሪያውን ነበር። ውሾች የሰውነታቸውን ሁኔታ አንብቦ በሚተረጉም ማሰሪያ መናገር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ደሴ ውስጥ ውሻውን የሚዳብስ ሰው ብዙም የለም። ራበኝ ሲል ያበሉታል፤ አመመኝ ሲል ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብለው በሚስታቸው ቀለዱ። «ራሱ ደህና ነኝ እያለ!»

ዳማ ግን መተኛት አቃተው። ለሃጩን እያዝረበረበ ከበሩ ወደ ግድግዳው ሲመላለስ ቆየና ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደቀ።

ክሊኒክ ሲያደርሱት የእንስሳት ሐኪሟ የነጣውን ድዱን አየች፤ ሆዱንም መታ መታ አደረገች።

«ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ዞሯል። ወዲያው ቢመጣ በቀዶ ጥገና ይተርፍ ነበር። አሁን ግን መቅደዱ ማሠቃየት ብቻ ነው፤ በመርፌ ማሳረፉ ይሻላል።»

«ማሰሪያው እኮ...»

«ለማሰሪያው የተነፋውም የጠገበውም ሆድ አንድ ነው፣ አባቴ። የሚለየው በእጅ ነው።»

አቶ ምንዳዬ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን የዳማ ሆድ ላይ አሳረፉ። ዳማ ጭራውን አንዴ ወዘወዘ።

«ደህና ነኝ» አለ ማሰሪያው።

ሐኪሟ መርፌውን አዘጋጅታ ውጭ መጠበቅ እንደሚችሉ ነገረቻቸው።

«መጀመሪያ ይህን ነገር ከአንገቱ ፍቺለት» አሉ አቶ ምንዳዬ። «ከዚያ ውጊው። እኔ የትም አልሄድም፤ እስኪያበቃ እየዳበስኩት እቆያለሁ።»