ጉብታዋ የማን ናት?

ልጅቷ በግራፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጣቷ ከበበችና ወደ ቀድሞ መምህሯ ዞረች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን። የእርስዎ ናት?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን ጣቷን ብቻ አየ። ከዓለም መጀመሪያ የተረፉት፣ ኒውትሪኖ የሚባሉት እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች ቢያዙ የሚተዉት ምልክት ይኸው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፈልጓቸው ባዶ እጁን ቀርቷል፤ ትናንት ቀመር ያስጠናት ልጅ ደግሞ እሱ በሠራው መሣሪያ አግኝታ ታሳየዋለች።

የቤተ ሙከራው ደንብ ግልጽ ነበር። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውን እንዳያታልሉ፣ እሱ የሐሰት ምልክት ከመረጃው ጋር በስውር ይቀላቅላል፤ ጉብታ ሲገኝም የእሱ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ዘንድሮ ግን ምንም አልቀላቀለም። የሐሰቱን ምልክት በማግኘቷ እንኳ ሲጨበጨብላት ቆሞ ማየት ሞቱ ስለሆነበት ነው። ስለዚህ ያቺን ጉብታ የሰው እጅ አልሠራትም።

«የኔ ናት» አለ። «እኔ ነኝ የጨመርኳት።»

ፊቷ ይጠቁራል ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። «አላልኳችሁም? ይህችን ካየን እውነተኛዋም አታመልጠንም» አለች። ሁሉም አጨበጨበላት፤ የእሱም ደም ፈላ። ጭብጨባው ሲበርድ ከወንበሯ ተነሣችና የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ወደ እሱ ገፋችለት። «በሉ ጋሼ፣ አሁን ያስገቧትን ያውጡልንና የቀረውን እንየው።»

ተቀመጠ። ሁሉም ከኋላው ቆመው ስክሪኑን ይመለከቱ ነበር፤ የሚያወጣው ነገር ግን አልነበረም።