ያልታረመች ስህተት

ልጅቷ ጠዋት የሠራችውን እርማት ከኮምፒውተሯ ላይ ስትሰርዘው እናቷ ከኋላዋ ቆማ አየች። በማግስቱ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በነጻ የሚሠራ የኮምፒውተር የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ሊያሻሽሉ ነበር፤ እሷም ጀማሪዎችን ልታግዝ ቃል ገብታለች። በፕሮግራሙ ውስጥ ያገኘችው ስህተት ሳምንቱ ሁለት እሑድ እንዲኖረው የሚያደርግ ነበር።

“ምነው ልጄ፣ የሠራሽውን በገዛ እጅሽ?”

“ቀላል ስለሆነች ነው፣ እማዬ። ነገ አንድ የፈራ ሰው ራሱ አግኝቶ ያርማት። እኔም መጀመሪያ ቀን ያረምኳትን አንድ ሰው አውቆ ትቶልኝ ኖሯል።”

ሠላሳ ዓመት ያስተማረችው እናት፣ መልሱን እያወቁ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“በይ እንግዲህ፣ ለእኔም አንዲት ቀላል ስህተት ተዪልኝ” አለቻት። “ነገ አብሬሽ እመጣለሁ።”