ከሚራቬት በኋላ

ሉሊት የወንድሟን የአምባቸውን መንገድ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። የስፔን ካርታ ነው፤ ኤብሮ የሚባል ወንዝ ይጠማዘዝበታል። የመንደሮቹ ስም በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ከጎኑ በእስክሪብቶ በአማርኛ ጽፋዋለች። ፍሊክስ፣ ሞራ፣ ሚራቬት፣ ቤኒፋዬት፣ ቶርቶሳ።

የአምባቸው ሥራ ይሄ ነው። ቱሪስቶችን በሳይክል እየመራ ከመንደር መንደር በወንዙ ዳር ያወርዳቸዋል። ማታ ማታ ያረፈበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ በቫይበር ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ አሜሪካ፣ ክላርክስተን፣ አፓርታማዋ ውስጥ ሆና ካርታው ላይ ታከብበታለች። በአካል ከተያዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቶ ግን ዘሎ አያውቅም።

ሰኞ ማታ ከሚራቬት ላከ። ሞተር የሌለው ጀልባ ላይ ሳይክሉን ደግፎ ይስቃል። የሚያሻግራቸው ወንዙ ራሱ ነው።

«ነገ ዋሻዎቹ ናቸው» አላት በድምፅ መልእክት። «ድሮ ባቡር ይሄድባቸው ነበር። አንዳንዱ መብራት የለውም። አንቺ ብትሆኚ ገና አፉ ላይ ታለቅሻለሽ።»

«ወሬኛ! በእማዬ ቀሚስ ተሸጉጦ ያደገ ሰው ደግሞ!» ብላ መለሰችለት።

ማክሰኞ ፎቶ አልመጣም። ረቡዕም አልመጣም።

«ኔትወርክ ነው» አለ ባሏ ስለሺ። ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል ነው የሚነዳው። ሲያወራ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም።

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

«ገጠር አይደል እንዴ? ስልክሽን ስጪኝ እስቲ፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ዶራቪል ፊክስ የሚያደርጉ አሉ።»

ስልኩን ይዞት ወጣ። ሐሙስም አልመለሰላትም።

እንኳን እማዬ ጸበል ገባች፣ አለች በልቧ። እናቷ አዲስ አበባ ናት። እንጦጦ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም ብለዋታል። ይሄን ብትሰማ ልቧ አይችለውም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ መነን ከላይኛው ፎቅ ወረዱ። ወትሮ ከእሳቸው በፊት ቀልዳቸው ነው የሚገባው። የሰባት ወር ልጇን ሚካኤላን ሲያዩ «ይቺ ልጅ ጉንጭ ብቻ ናት እንዴ? ሌላውን የት ጣልሽው?» ይላሉ። ዛሬ ህፃኗን አቅፈው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«እትዬ መነን፣ ምን ሰሙ?»

«ምን እሰማለሁ? ይልቅ ብዪ። ጡት እያጠባሽ ባዶ ሆድሽን አይሆንም።»

«አልወርድ አለኝ።»

«ቢሆንም ብዪ። አንድ ጉርሻ፣ በሞቴ።»

ልጅቷን ለእሳቸው ትታ ወደ ላውንደሪ ቤት ሮጠች። እዚያ ልብስ የምታጥፍ ኔፓላዊት ጎረቤቷን በእጇ እያሳየች ስልክ ለመነቻት። የአምባቸው ስልክ ዝግ ነው። ካርታው ግርጌ ላይ የቢሮው ቁጥር ነበር፤ እሱን ደወለች። አንዲት ሴት አነሳች።

«አምባቸው! ማይ ብራዘር! ማይ ብራዘር!»

ሴትዮዋ ስሙን ደገመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በስፓኒሽ ብዙ ነገር ተናገረች። ሉሊት ከዚያ ሁሉ የለየችው የወንድሟን ስም ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ «ሶሪ» አለቻት። ደግማ «ሶሪ» አለቻት። ሉሊት ስልኩን ለባለቤቷ መልሳ የማድረቂያው ማሽን ላይ ተደገፈች። 

ያን ዕለት ማታ ስለሺ ከሥራ መጥቶ ፓርክ ካደረገ በኋላ ከመኪናው አልወረደም። ሉሊት በቀስታ ከኋላ በኩል ተጠጋች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ከጋሽ ለገሰ ጋር ያወራል። ጋሽ ለገሰ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው።

«የማድሪዱ በረራ ነገ ማታ ይገባል» አለ ስለሺ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሷ ሥራ እንዳትገባ።»

«ኦፍ ጠይቄላታለሁ።»

«ጎበዝ። ፊትህን ጠብቅ፣ ልጄ።»

አስከሬኑ ነው የሚገባው፣ አለች ሉሊት በልቧ። ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። ካርታው ፊት ቆማ ዋሻዎቹ ያሉበትን ቤኒፋዬትን በእስክሪብቶ ስታከብ፣ ስታከብ ወረቀቱ ተቀደደ።

ባሏን አልጠየቀችውም። ከጠየቀች ይነግራታል፤ ከነገራት አለቀ። ካልጠየቀች ግን አምባቸው አንድ ቀን ተጨማሪ ይኖራል። ዓርብን እንዲያ አድርጋ አዋለችው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የመኪና ድምፅ ሰማች። አንድ። ሁለት። ከዚያ መቁጠር ተወች። በሮቹ ቀስ ተብለው ይዘጋሉ፣ የሚያወራ የለም። ሐበሻ ሳይደውል፣ በንጋት፣ ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣበት ጉዳይ አንድ ነው። ስለሺ ለብሶ በሩ ጋ ቆሟል።

ከፈተው። ጋሽ ለገሰ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እትዬ መነን ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«አምባቸውን ነው!» ብላ ጮኸች። «አትንገሩኝ፣ አውቄዋለሁ! ዋሻው በላብኝ! ወንድሜን!»

ወለሉ ላይ ወድቃ ደረቷን ደቃች። እትዬ መነን እጆቿን ያዟት።

«ልጄ፣ ቆዪ፣ ስሚኝ» አሉ ጋሽ ለገሰ።

«አልሰማም! አልሰማም!»

ከሰዎቹ መሃል አንድ ሰው እየገፋ ገባ። ፊቱ በፀሐይ ከስሏል። የሄልሜት ማሰሪያ ያረፈበት ጉንጩ ላይ ብቻ ቀይ መስመር ቀርቷል።

«ሉልዬ፣ እኔ ነኝ። አለሁ።»

ፊቱን ዳሰሰችው። ጆሮውን ዳሰሰችው። ከዚያ በጥፊ አለችው፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተ ውሻ! ገደልከኝ እኮ! ሰርፕራይዝ እንዲህ ይደረጋል? እናንተስ ብትሆኑ፣ ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስባችሁ ታሾፉብኛላችሁ?»

ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። አንድ እጇን ከወንድሟ አንገት ሳታነሳ ሌላውን ወደ ስለሺ ዘረጋች።

«ስልኬን አምጣ! ጸበል ቢሆንም ዛሬስ ይጥሩልኝ፣ ለእማዬ ልንገራት!»

የእትዬ መነን ነጠላ ግን አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው። ማንም ስልክ አልሰጣትም።