በወረቀት ኩባያ ውስጥ

«ቲቸር፣ ማንም አልወሰደም። ሁሉም አሉ፤ ከፈለጉ ይቁጠሩ።»

ይህን ያለችው ሎሚ ናት፤ ከሰባተኛ ክፍል በቁመት የመጨረሻዋ፣ በምላስ የመጀመሪያዋ። መምህሩ ግን የማግኔት ሌባ እየፈለገ አልነበረም። የቤተ ሙከራውን በር እንደከፈተ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀርቷል። እዚያ አሮጌው ቴፕ አለ። በቴፑ ላይ፣ ልክ ካሴቱ ከሚገባበት ክዳን በላይ፣ ከተሰበሩ ድምፅ ማጉያዎች የተፈቱት ክብ ማግኔቶች እንደ ዳቦ ተደራርበዋል።

«ማነው እዚህ የከመራቸው?» አለ በመጨረሻ።

ልጆቹ ተያዩ። ቀጭኔ የሚሉት ረጅሙ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር። አርብ ዕለት። እንዳይጠፉ ብለው።»

እውነቱን ነው። ሰብስቦ፣ ለእጁ የቀረበው ቦታ ላይ ከምሮ፣ በሩን ቆልፎ ሄዷል። ምን ያድርግ፣ ሰውየው የሒሳብ መምህር ነው። ሳይንሱ የሚስቱ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ርእሰ መምህሩ «እስከ ዓመቱ ማብቂያ አንተው ያዝልን» ሲሉት እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። የሷን መጽሐፍ እያነበበ፣ ከልጆቹ በአንድ ትምህርት ብቻ እየቀደመ ይኖራል። ማግኔት ካሴት ላይ የተቀዳውን ድምፅ እንደሚያጠፋ ያነበበው ትናንት ነው። ትናንት አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ገጹን ገልጦ አለፈ። ብልጭ ያለለት አሁን፣ በሩ ላይ ነው።

ካሴቱ ተራ ካሴት አይደለም። እሷ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት ትምህርቱን እቤት እየቀዳች በሱ እጅ ትልከው ነበር። እሱ ቁልፉን ይጫንና ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እሷ ከቴፑ ውስጥ ትጠይቃለች፤ ልጆቹ እንዲመልሱ ጥቂት ዝም ትላለች፤ ከዚያ «ጎበዝ ቀጭኔ፣ እጅህን ሳታወጣ መሆኑ ነው እንጂ» ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ልጆቹን ታውቃቸዋለቻ! እነሱም «እትዬ» ነበር የሚሏት፤ እሱ እስከዛሬ ከ«ቲቸር» አላለፈም።

የመጨረሻውን ካሴት ግን ማንም አልሰማውም። የሚሰማበት ቀን የቀብሯ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቴፑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱም «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ጣቱን ቁልፉ ድረስ ይሰድና ይመልሳል።

«የኛ ድምፅ ማጉያ ተሠርቶ አልቋል» አለች ሎሚ። በእጇ የወረቀት ኩባያ ይዛለች፤ ቂጡ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ተለጥፏል። «የቀረን ማግኔትና ድምፅ ነው።»

መምህሩ ማግኔቶቹን አንድ በአንድ አነሳቸው፤ ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ እንደሚያላቅቅ ሰው። አንዱን ሰጣት።

«ሬዲዮ ላመጣላችሁ ነበር፤ ረሳሁት።»

«ቴፕ አለ አይደል?» አለ ቀጭኔ። «የእትዬ ካሴት ገብቶበታል።»

«ድምፁ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።»

«ካልሞከርን በምን እናውቃለን?» አለች ሎሚ። አባባሉ የሚስቱ ነው፤ ልጅቷ የራሷ ንብረት አድርጋዋለች።

እምቢ ማለት ይችል ነበር። ካልተሰማ አልጠፋም፤ እሷም እዚያው ውስጥ እንዳለች ትኖርለታለች። ሎሚ ግን የሽቦውን ጫፍ ቴፑ ላይ ሰክታ፣ ማግኔቱን ኩባያው ሥር አድርጋ፣ ሽቅብ እያየችው ነው። ቁልፉን ተጫነው።

መጀመሪያ የባዶ ካሴት ሹሹታ ብቻ። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ኩባያውን ከበቡት። ሹሹታው ረዘመ። መምህሩ መስኮቱን አየ።

ድንገት ወረቀቱ ተርገበገበ።

«...ሽቦውን አጥብቃችሁ...»

ጠፋች። ደግሞ መጣች፤ ደግሞ ሄደች። የካሴቱ ጥቅል በዞረ ቁጥር ማግኔቱ የነካው ቦታ ይመለሳል፤ ድምፁም ወንዝ ማዶ ቆሞ ንፋስ እንደሚያመላልሰው ሰው ቀርቦ ይርቃል።

«...ሎሚ፣ አንቺ መጀመሪያ ቁጭ በይ...»

ሎሚ ቁጭ አለች። ማንም አልሳቀም።

መምህሩ ቃሉን ትቶ ዝምታውን ያዳምጥ ጀመር። አንዳንዱ ዝምታ የሷ ነው፤ ልጆቹ እንዲመልሱ የተወችው። አንዳንዱ የሱ ነው፤ አርብ ዕለት በገዛ እጁ የከመረው። የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። ልጆቹ ግን ምን ገዷቸው፤ ዝም ባለች ቁጥር ይመልሱላታል፤ ያልጠየቀችውንም ጭምር።

«...ማግኔትና ካሴት አንድ ጠረጴዛ ላይ አይውሉም። ሰማችሁ?»

«ሰማን፣ እትዬ» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ለዚያ ግድግዳ ለተደገፈው ሰውዬም ንገሩልኝ። እሱ ከቁጥር ሌላ አያውቅም፤ ካልተነገረው ሄዶ...»

ኩባያው ዝም አለ። ካሴቱ ይዞራል። መምህሩ ወደ ቴፑ መሄድ ፈለገ፤ ጀርባው ግን ግድግዳው ላይ ነበር። መቼ እንደተደገፈው አላወቀም።

ሎሚ ከኩባያው ቀና ብላ ዞረችና አየችው።

«እንንገርዎት ቲቸር፣ ወይስ ሰምተዋል?»