ሃያ የወጣለት

ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት ለምናብ ጨዋታ የሚመጡት ሦስት ጓደኞቿ ዛሬ ገና ሳይነጋ በሯን አንኳኩ። «ከሰዓት ሥራ ስላለን ነው» አላት ያፌት። የጨዋታው መሪ እሱ ነው፤ ጭራቆቹን እያመጣ፣ የሆነውን እየተረከ ያጫውታቸዋል።

ዓይኗን እያሸች የራሷም የወንድሟም ተዋጊ የተጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ወንድሟ ከዘመተ ስምንት ወሩ ነው፤ እስኪመለስ ድረስ በእሱ ተዋጊ ስም በየገጹ ቁጥር ያለበትን ዳይስ የምትጥለው እሷ ናት።

ያፌት ሳያያት ጀመረ። ጭራቆቹ የድልድዩን በር ሰብረው ገቡ። የወንድሟ ተዋጊ ብቻውን ቆሞ የመጀመሪያውን አንገቱን ቀላው፤ የሁለተኛውን አንጀት ዘረገፈ። ሦስተኛው ግን ጦሩን ጎድኑ ውስጥ ሰክቶ አዞረው። ደሙ ከጥሩሩ ስር ተንዠቀዠቀ። ተንበረከከ። መጥረቢያ ከራሱ በላይ ተነሳ።

«ጣይለት» አላት ያፌት ድምፁ ሻክሮ።

ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ እፍ ብላበት ጣለችው። ሃያ! ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ሃያ የወጣለት አይሞትም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ያፌት ነው።

«ሞተ» አለ ያፌት።

«አብደሃል እንዴ? ሃያ እኮ ነው! ዓይንህ አያይም?»

ሁለቱ ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ጠረጴዛውን ገፍትራ ደረቱን በጡጫ መታችው። ደጋግማ መታችው። እጇን አልያዘም፤ ፊቱንም አላዞረም።

«እኔ አልገደልኩትም፣ እህቴ» አላት።

ያኔ በሩ ተከፈተ። አጎቷና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁ ላይ ቆመዋል።