የባሕረኛው ቋጠሮ

«ችካሉ ይኸው፤ ንቅንቅ አላለም!» አለ ባሕረኛው፣ በቅሎዋ የታሰረችበትን እንጨት በእግሩ እየመታ። ከሜዳው ወዲያ ግን የጎረቤቱ የአያ ዳምጤ ለምለም ጤፍ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተግጦ ነበር። ሽማግሌው «ሆን ብለህ ለቀህብኛል» ይሉታል። ምጽዋ ላይ ዘጠኝ ዓመት በመርከብ ሠርቶ፣ ባሕር ኃይሉ ሲበተን ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቱ መሬት ለተመለሰ ሰው ሌባ መባል ብቻ ነበር የቀረው።

«አያ ዳምጤ፣ የታሰረ ነገር እኮ ባለበት አይቆምም። መርከብ መልሕቅ ጥሎም ቢሆን የውሃው ግፊትና ነፋሱ ወደወሰደው ይዞራል። ገመዱ ካጠረ ማዕበሉ መልሕቁን ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ይረዘምለታል። ከገመዱ ግን አያልፍም! የእኔም በቅሎ አላለፈችም። ካላመኑኝ በሚካኤል...» እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አነሣ።

«ተው፣ አትማል» አሉት። በቅሎዋን ፈቱና የገመዱን ጫፍ ይዘው ወደ ጤፉ ሄዱ። ሜዳው አለቀ፤ ገመዱ አላለቀም። ጤፉ ከተጋጠበት የመጨረሻ ዳር ሲደርሱ ልክ ተወጠረ። መሃሉ ላይ ሁለት ገመድ ያጋጠመ ቋጠሮ ነበር፤ በአገሩ እንዲያ የሚቋጥር ከእሱ ሌላ አልነበረም። አያ ዳምጤ ጸጥ ያለውን ሜዳ ዙሪያውን ቃኙት።

«ልጄ፣ ለየትኛው ማዕበል ነው ያረዘምክላት?»

ባሕረኛው ተንበርክኮ ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለ። በተሳበ ቁጥር እንዲጠብቅ አድርጎ የቋጠረው ራሱ ነበር።