የጉተማ ተራ

ጀቤሳ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ እመቤቴ፣ እሺ» ሲል ጉተማ ሰማውና ምራቁን እንትፍ አለ። ሴትዮዋ ሰው እንኳ አይደለችም። ለገበሬ ምክር ተብሎ የተቀዳ ድምፅ ናት፤ ትደውልና የአየሩን ነገር ለፍልፋ ትዘጋለች። ካላነሷት ደግማ ትደውላለች።

«ዛሬ ከሰዓት ከባድ ዝናብ አለ፣ ያጨዳችሁትን ከምሩ ብላለች» አለ ጀቤሳ ድንበሩን ተሻግሮ። «የእኔ ማሳ ተዳፋት ነው፣ ጎርፍ ጠራርጎ ነው የሚወስደው። ወንፈሉን ለዛሬ ልቀቅልኝ።»

ለወንፈል የመጡት ስድስት ሰዎች ዞረው ጉተማን አዩት። ተራው የእሱ ነው። የዓመት ቀለቡ የሆነው ጤፍ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ስድስቱ ከተረባረቡበት እስከ ምሳ ይከመራል፣ ለብቻው ግን ሁለት ቀን ይፈጃል።

ጉተማ ቀና አለ። ህዳር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የአቃቂው ፋብሪካ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጭሱ ወደ ማሳው ካልተኛ ዝናብ የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ከጀርባው ኮዬ ፈጬ ላይ ያን ሁሉ ፎቅ ገትረው ነፋሱን ማገዳቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

«ጋሽ ጉተማ፣ የእርስዎ ስልክስ ምን አለ?» አለ ቀናው፣ ከስድስቱ አንዱ።

«ከጠዋት ጀምሮ ትጮሃለች፣ አላነሳኋትም። እኔን የምትመክር ሴት እናቴ ነበረች፣ እሷም ሞታለች።»

ሳቁ። ሳቃቸው ጣፈጠው። አሁን ተራዬን አልሰጥም ቢል ዝናቡን ፈራ ሊባል ነው።

«ሂዱ ከምሩለት» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የእኔ ነገ ይደርሳል።»

«ኧረ ግማሾቹ እንኳ እዚህ ይቅሩ» አለ ጀቤሳ።

«ምጽዋት ማን ጠየቀህ?»

ሄዱ። ጉተማ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጀቤሳ ክምር ሲያድግ በንቀት ተመለከተ። በስልክ የሚታረስ መሬት! ጭሱን አየ፤ ያው ቀጥ እንዳለ ነው።

ስምንት ሰዓት ገደማ አንገቱን ቀዝቃዛ ነገር ነካው። ዞር ሲል የኮዬ ፈጬ ፎቆች ከላይ ጀምረው በደመና ጠፍተዋል። ነዶ እየሰበሰበ መሮጥ ጀመረ። በአንድ እጁ የሚያነሳውን በሌላው ይጥላል። ወዲያ ማዶ ስድስቱ ሰዎች የጀቤሳን ክምር ሸራ እያለበሱ ነው። ቀናው አይቶት ወደ እሱ መሮጥ ጀመረ፤ ዝናቡ ግን ቀደመው።

ጉተማ ባርኔጣውን አውልቆ ከነዶዎቹ በአንዱ ላይ ደፋው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በጭቃ እጁ አወጣና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ውድ አርሶ አደር፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአካባቢዎ ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ...»

ውሃው ከራሱ ላይ እየወረደ እስክትጨርስ ቆሞ አዳመጣት።

«እሺ» አላት።